ግራ የሚያጋባ ታሪክ እንዴት ይነበባል? የ«ጆን ፍሮም ሲንሲናቲ» የቴሌቪዥን ድራማ አተራረክ ሲፈተሽ

1. መግቢያ

አንድን የፈጠራ ሥራ አንብቦ ወይም ተመልክቶ የጨረሰ ሰው «አልገባኝም» ሲል አባባሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል። አንደኛው ሥራው ከተለመደው የአተራረክ መንገድ ወጣ ብሎ በመቅረቡ ተደራሲው እንደ ልማዱ ሊከተለው አለመቻሉ ነው። ሁለተኛው ደራሲው ራሱ ሐሳቡን አጥርቶ ባለመያዙ ሥራው መደብዘዙ ነው። የመጀመሪያው የተደራሲን ጥረት ይጠይቃል፤ ሁለተኛውን ግን የተደራሲ ጥረት አያድነውም። ሁለቱን ለይቶ ማየት ከሐያሲ የሚጠበቅ ተግባር ቢሆንም ብዙ ጊዜ ሲቀላቀሉ ይታያል። አስቸጋሪ ሥራ ወይ «ጥልቅ ነው» ተብሎ ሳይመረመር ይወደሳል፤ ወይ «ዝብርቅርቅ ነው» ተብሎ ሳይመረመር ይጣላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ሥራ ላይ ማሳየት ነው። ለዚህም «ጆን ፍሮም ሲንሲናቲ» ማለትም «የሲንሲናቲው ጆን» የተሰኘው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ ተመርጧል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ድራማው ኤችቢኦ በተባለው ጣቢያ ከጁን 10 እስከ ኦገስት 12 ቀን 2007 በ10 ክፍሎች ቀርቧል። የመጀመሪያው ክፍል የታየው «ዘ ሶፕራኖስ» የተባለው ዝነኛ ድራማ የመጨረሻ ክፍሉ በተላለፈበት ምሽት፣ ያንኑ ተከትሎ ነበር። በመሆኑም ብዙ ተመልካች ነበረው። ይሁን እንጂ ከተመልካቹም ከሐያሲውም ብዙዎች «ምን ለማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። የመጨረሻው ክፍል በታየበት ሳምንትም ጣቢያው ድራማው እንደማይቀጥል አስታወቀ።

ከዚህ ቀጥሎ በመጀመሪያ የድራማው ደራሲዎችና መቼት፣ ከዚያም ታሪኩ ባጭሩ ይቀርባል። ቀጥሎም ግራ የማጋባቱ ምንጭ የት እንደሆነ፣ የትኛው የሥራው ብርታት፣ የትኛውስ ድክመት እንደሆነ ለማሳየት ይሞከራል።

2. ደራሲዎቹና መቼቱ

ድራማውን የፈጠሩት ዴቪድ ሚልችና ኬም ነን ናቸው። በ1945 የተወለደው ሚልች በየል ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍን ያጠና፣ ከባለቅኔውና ከልብ ወለድ ጸሐፊው ሮበርት ፔን ዋረን የተማረ፣ በኋላም እዚያው ያስተማረ ሰው ነው። ወደ ቴሌቪዥን የገባው በ1980ዎቹ «ሂል ስትሪት ብሉዝ» ለተባለው የፖሊስ ድራማ በመጻፍ ሲሆን፣ በ1993 የጀመረውን «ኤንዋይፒዲ ብሉ» ከስቲቨን ቦችኮ ጋር ፈጥሯል። ከ2004 እስከ 2006 የታየው «ዴድውድ» ደግሞ በምልልሱ ጥራት ከፍተኛ አድናቆት አትርፎለታል። ኬም ነን በበኩሉ የባሕር ዳርቻን ኑሮ ከወንጀል ታሪክ ጋር አዋሕዶ በመጻፍ የታወቀ የልብ ወለድ ደራሲ ነው። በ1984 የታተመው «ታፒንግ ዘ ሶርስ» እና በ2004 የታተመው «ቲዋና ስትሬትስ» ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ።

የድራማው መቼት ኢምፔሪያል ቢች ናት። ይህች አነስተኛ ከተማ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ከሳን ዲዬጎ በስተደቡብ፣ በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ አልፎ ያለው የሜክሲኮዋ ቲዋና ነው። ከዚያ ወገን የሚመጣው የቲዋና ወንዝ ወደ ባሕሩ የሚገባው በከተማዋ አጠገብ ሲሆን፣ ፍሳሽ ቆሻሻ ይዞ ስለሚወርድ የባሕሩ ዳርቻ በየጊዜው ለዋናተኞች ይዘጋል። መቼቱ እንዲሁ የተመረጠ አይመስልም። የአገር ጫፍ፣ የየብስ ጫፍ፣ ንጹሕና ቆሻሻ ውኃ የሚቀላቀሉበት ቦታ ነው። የድራማው ሰዎችም እንደ ቦታው በጫፍ ላይ የቆሙ ናቸው።

ሌላው በቅድሚያ ሊብራራ የሚገባው «ሰርፊንግ» የሚባለው ነገር ነው። ይህ በረጅም ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ቆሞ፣ ወደ ዳርቻ የሚገሰግስ ማዕበልን እየጋለቡ መንሸራተት ነው። ማዕበሉ የሚነሣው ብዙ ጊዜ እጅግ ርቆ በሚገኝ ባሕር ላይ በሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ከሩቅ ተነሥቶ ዳርቻ የሚደርሰው ውኃው አለመሆኑ ነው። ውኃው በያለበት ክብ ሠርቶ ወደ ነበረበት ሥፍራ ይመለሳል፤ የሚጓዘው ጉልበቱ ነው። ጉልበቱ ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው እየተላለፈ መጥቶ፣ ጥልቀቱ በሚያንስበት ዳርቻ ላይ ወደ ላይ ይነሣና ይሰበራል። ይህ ተራ የተፈጥሮ ሕግ የድራማውን አሠራር ለመረዳት ይጠቅማልና ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

3. ታሪኩ ባጭሩ

የታሪኩ ማዕከል የዮስት ቤተሰብ ነው። አያትየው ሚች ዮስት በወጣትነቱ ዝነኛ ማዕበል ጋላቢ ነበር፤ ጉልበቱ ተጎድቶ ከውድድር ወጥቷል። ስፖርቱ ንግድ መሆኑን ስለሚጠላ ብቻውን ባሕር ገብቶ ይወጣል እንጂ ከማንም አይገጥምም። ልጁ ቡቺ ከአባቱ የበለጠ ተሰጥኦ የነበረው፣ የስፖርቱን ስልት እንደለወጠ የሚነገርለት ሰው ነው፤ ነገር ግን የሄሮይን ሱሰኛ ሆኖ «ስነግ ሃርበር» በሚባል ያረጀ ሞቴል ውስጥ ይኖራል። የቡቺ ልጅ ሾን ገና ታዳጊ ነው፤ የሚያሳድጉት አያቶቹ ናቸው። እናቱ ቲና ጥላው ሄዳ በወሲብ ፊልሞች ትሠራለች። ሴት አያቱ ሲሲ የቤተሰቡን የሰርፊንግ ዕቃ መደብር የምትመራ ቁጡ ሴት ናት፤ ቡቺ ልጅ ሳለ የፈጸመችበትን ነውር ለዓመታት በልቧ ይዛ ኖራለች።

ይህ ቤተሰብ የሚፈራው ከውጭ የሚመጣውን አንድ ሰው ነው። ሊንክ ስታርክ የተባለው ነጋዴ ቀደም ሲል ቡቺን አስፈርሞ የነገደበት ሲሆን፣ አሁን ደግሞ ሾንን ለማስፈረም ይመጣል። የመጀመሪያው ግጭት ይኸው ነው፤ ልጁ ይወዳደር ወይስ አይወዳደር? አባቱን ያጠፋው መንገድ እርሱንም ያጠፋዋልን? እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ማንም ሊከተለው የሚችል የቤተሰብ ታሪክ ነው።

በዚህ መካከል ነው ጆን ሞናድ የሚባለው እንግዳ ብቅ የሚለው። ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ከሲንሲናቲ ነው ቢባልም ሲንሲናቲ ከባሕር ርቃ በኦሃዮ ግዛት የምትገኝ ከተማ ናት። ጆን እንደ ሕፃን የዋህ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ሌሎች የተናገሩትን መልሶ ነው። ከኪሱ የሚፈለገው ነገር ይወጣል። እርሱ ከመጣ በኋላ ሚች ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። ቡቺ ከጆን ጋር ሲሆን ሄሮይን ሳይወስድ ቢውልም የሱስ ሕመም አይሰማውም። ሾን በውድድር ላይ አንገቱ ተሰብሮ ሐኪሞች ተስፋ ከቆረጡበት በኋላ ይድናል። ቢል ጃክስ የተባለው ጡረተኛ ፖሊስ የሚያሳድጋት ዚፒ የምትባል ወፍም ሞታ ትነሣለች። ከዚህ በተጨማሪ ሎተሪ ደርሶት ሞቴሉን የገዛ ሰው፣ ጠበቃ፣ የሞቴሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ከሃዋይ የመጣ አደንዛዥ ዕፅ ሻጭና ሆስፒታሉን የተወ ሐኪም በሞቴሉ ዙሪያ ይሰባሰባሉ። ክፍሎቹ የተሰየሙት «ጉብኝቱ፦ አንደኛ ቀን» በሚል ዓይነት ሲሆን፣ 10ሩ ክፍሎች የ9 ቀን ታሪክ ይናገራሉ።

4. ግራ የማጋባቱ ምንጭ

ትልም ማለት የድርጊቶች ቅደም ተከተል ብቻ ሳይሆን የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት መሆኑ በሥነ ጽሑፍ ትምህርት የታወቀ ነው። ከዚህ አንጻር የድራማው አስቸጋሪነት ያለው በጊዜ ቅደም ተከተሉ አይደለም፤ ቀኖቹ አንድ ሁለት ተብለው ተቆጥረዋል። ችግሩ ሰንሰለቱ በአንድ በኩል መቆረጡ ላይ ነው። ውጤቱ ይታያል፤ ምክንያቱ ይሰወራል። ሚች ለምን ተንሳፈፈ? ጆን ማን ነው? የላከውስ ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች እስከ መጨረሻው መልስ አያገኙም።

ይሁን እንጂ ምክንያቱ ያልተነገረ ነገር ሁሉ ትርጉም የለሽ ነው ማለት አይቻልም። እዚህ ላይ አንድ መመዘኛ ማቅረብ ይቻላል። ይኸውም የድርጊቱን ምክንያት ባናውቅም ድርጊቱ ከገጸ ባሕርያቱ ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ እንችላለን ወይ? የሚል ነው። የምንችል ከሆነ ስውርነቱ ሥራ ላይ ውሏል። ድርጊቱ ከማንም ምንም የማይጠይቅ ከሆነ ግን ስውርነቱ ብዥታ ብቻ ነው።

በዚህ መመዘኛ ሲታይ የሾን መዳን ጽኑ ትዕይንት ነው። ልጁ እንዴት እንደዳነ አይነገረንም፤ መዳኑ ግን ማንንም እንደነበረ አይተውም። ሐኪሙ ያየውን ክዶ በሥራው ይቀጥል ወይስ ሥራውን ይተው? እናቲቱ ትመለስ ወይስ እንደራቀች ትቅር? ከሰው ይልቅ ከወፎቹና ከሞተች ሚስቱ ጋር ሲነጋገር የኖረው ቢልስ ከሰው ጋር ይግጠም ወይ? እያንዳንዱ መምረጥ ይኖርበታል። ከዚህም በላይ ትዕይንቱ ከቀደመው ጋር የተሰናሰለ ነው። በመጀመሪያ ሾን የሞተችውን ወፍ ያስነሣል፤ በኋላ ወፏ በሆስፒታል ለተኛው ሾን የመዳኑ ምክንያት ትሆናለች። የተሰጠው ተመለሰ ማለት ነው።

የሚች መንሳፈፍም እንዲሁ ነው። ሚች ከንግዱ፣ ከልጁ ውድቀት፣ ከሚስቱ ቁጣ ራሱን ለይቶ ንጹሕ ሆኖ ለመኖር የሚሞክር ሰው ነው። እግሩ መሬት አለመንካቱ ለዚህ ሰው ተአምር ብቻ ሳይሆን ወቀሳም ነው፤ ቤተሰቡ መሬት ላይ ሲሰቃይ እርሱ ከፍ ብሎ ይታያልና። የቡቺ ከሕመም መገላገልም እንዲሁ ጥያቄ ያነሣል። ሱሰኛው ዘወትር የሚያቀርበው ምክንያት ሕመሙ ነበር፤ ሕመሙ ከተነሣለት አባት ላለመሆን ምን ምክንያት ይቀረዋል?

5. የጆን አነጋገር

የድራማው ዋና ቁልፍ ያለው በምልልሱ ውስጥ ነው። ጆን አንዳንድ ነገር እንደሚያውቅ፣ አንዳንዱን ግን እንደማያውቅ ደጋግሞ ይናገራል። ከዚህ ሌላ የሚናገረው በአብዛኛው የተዋሰውን ነው። አንዱ ተቆጥቶ የተናገረውን ቃል ይይዝና በሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰው ፊት፣ ያለ ቁጣ ይደግመዋል። ተመልካቹ መጀመሪያ ላይ ይህን እንደ ቀልድ ይቆጥረዋል። ነገር ግን ክፍሎቹ በገፉ ቁጥር አንድ ነገር እየተገለጠ ይሄዳል። በንዴት የተነገረው ቃል ከተናጋሪው ተለይቶ ሲደገም ከሥሩ የነበረው ፍርሃት ወይም ልመና ይሰማል። ሊነጋገሩ ያልቻሉት አባትና ልጅ፣ ባልና ሚስት ቃላቸው በጆን አፍ ይገናኛል።

«ሞናድ» የሚለው ስም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ቃሉ «አንድ» ከሚለው የግሪክኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ፈላስፋው ላይብኒትዝ በ1714 በጻፈው ድርሰት የህላዌ መሠረት ናቸው ያላቸውን፣ እያንዳንዳቸው ዓለሙን በሙሉ እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቁትን ነጠላ ህላዌዎች ሰይሞበታል። ጆንም የራሱ ቃል የሌለው መስተዋት ነው። ሚልች ለዚህ ሐሳብ እንግዳ አልነበረም። ቀደም ሲል በ«ዴድውድ» ውስጥ ቄሱ በቀብር ላይ የሚሰብከው ከሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስ መልእክት፣ ብልቶች ብዙ ሲሆኑ አካሉ አንድ ስለመሆኑ ከሚናገረው ክፍል ነበር። «ጆን ፍሮም ሲንሲናቲ» ያንኑ ሐሳብ በስብከት ሳይሆን በአነጋገር ስልት ያቀርበዋል።

ለምን የማዕበል ጋላቢዎች ቤተሰብ ተመረጠ ለሚለው ጥያቄም መልሱ እዚህ ይገኛል። ከላይ እንደተገለጸው ማዕበል ማለት በብዙ ውኃ ውስጥ የሚያልፍ አንድ ጉልበት ነው። ቃልም በዚህ ድራማ ውስጥ እንደዚያው ከአፍ ወደ አፍ ያልፋል። በደልም እንዲሁ ነው፤ ከሲሲ ወደ ቡቺ፣ ከቡቺ ወደ ሾን ይተላለፋል። ሚች ማዕበሉ የብቻው ይመስለዋል፤ ድራማው ግን ለብቻ የሚሆን ማዕበል እንደሌለ ይነግረዋል። ሾን ሆኖ የሚጫወተው ግሬይሰን ፍሌቸር በገሐዱ ዓለም የታወቁት ማዕበል ጋላቢዎች የኸርቢ ፍሌቸር የልጅ ልጅ፣ የክርስቲያን ፍሌቸር ልጅ መሆኑም ለዚህ የሦስት ትውልድ ታሪክ ተጨማሪ ክብደት ይሰጠዋል።

6. ሰምና ወርቅ ነውን?

የቅኔ ትምህርት ያለው አንባቢ ይህን የመሰለ ሥራ ሲያይ ወርቁን ለመፈለግ መነሣቱ አይቀርም። ጆን ክርስቶስ ነው፤ ወፏ መንፈስ ቅዱስ ናት፤ ሞቴሉ ዓለም ነው እያለ አንዱን ለአንዱ ሊያዛምድ ይችላል። እንዲህ ያለው አነባበብ አንዳንድ ነገር ቢያስገኝም ሩቅ አይወስድም። በሰምና ወርቅ ቅኔ ሰሙ ለወርቁ መግለጫ ሆኖ የተበጀ ነው፤ ኅብር በሆነ ጊዜም ሁለቱን የሚያስተሳስረው ቃል እዚያው ግጥሙ ውስጥ አለ። ቃሉን ያገኘ ሰው ወርቁን ያገኛል፤ ካገኘውም በኋላ ሰሙን ሊተወው ይችላል። በዚህ ድራማ ውስጥ ግን ሰሙን ትቶ የሚያዝ ወርቅ የለም። የተሰበረው አንገት የተሰበረ አንገት ነው፤ ቁጣውም ቁጣ ነው። ትርጉሙ ያለው ከትዕይንቶቹ በስተጀርባ ሳይሆን በትዕይንቶቹ መካከል፣ አንዱ ከሌላው ጋር ባለው ግንኙነት ነው። ስለዚህ «ጆን የማን ምሳሌ ነው?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ይህን ቃል ቀድሞ የተናገረው ማን ነበር?» ብሎ መጠየቅ የበለጠ ፍሬ ይሰጣል።

7. ድክመቱ

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ድራማው እንከን የለውም ማለት አይደለም። በንግር አጠቃቀሙ ላይ ጉልህ ጉድለት ይታያል። ጆን ሾን በቅርቡ እንደሚሄድ አስቀድሞ ይናገራል፤ በእርግጥም ሁለቱ ይሰወራሉ፤ ቤተሰቡም በጭንቀት ይሰባሰባል፤ ከዚያም ከባሕሩ ይመለሳሉ። ይህ ንግር ተዘርቶ የታጨደ ነው። ነገር ግን ጆን በመጀመሪያው ክፍል ላይ ፍጻሜው እንደቀረበ ሲናገር ከቤተሰቡም የሰፋ፣ ዓለምን የሚመለከት አንድ ነገር እንደሚመጣ ያስጠብቃል። ይህ ንግር እስከ መጨረሻው ዕዳ ሆኖ ይቀራል።

ተመሳሳይ ችግር በስድስተኛው ክፍል ባለው ረጅም ንግግር ላይ ይታያል። በዚህ ትዕይንት ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ እንደ ራእይ በሞቴሉ ግቢ ይሰባሰቡና ጆን ስለ አባቱ ቃል፣ ስለ መሥመርና ክብ፣ ስለ አንድና ዜሮ ይነግራቸዋል። የሰዎቹን ቁስል አንድ በአንድ ሲነካ ንግግሩ ኃይል አለው፤ እያንዳንዱ የሚሰማው የራሱን ነውና። ስለ መሥመሩና ስለ ክቡ ሲናገር ግን ከገጸ ባሕርያቱ ማንም ምን እንደተጠየቀ አያውቅም፤ ተመልካቹም እንዲሁ። በመመዘኛችን መሠረት ይህ ብዥታ ነው። እስከዚያ ድረስ የሌሎችን ቃል የሚመልሰው ጆን እዚህ ላይ በድንገት የደራሲው አፍ ሆኖ መታየቱም ለገጸ ባሕርዩ አይበጅም።

ሦስተኛው ድክመት የገጸ ባሕርያቱ ብዛት ነው። በ10 ክፍሎች ውስጥ ከ12 የማያንሱ ሰዎች የየራሳቸውን ታሪክ ይዘው ይቀርባሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ሊንክ ስታርክ ከጠላትነት ወደ ቤተሰቡ ሲቀርብ፣ ለውጣቸው ይታያል። ሌሎቹ ግን መጥተው ይቆማሉ። ሁሉም አንድ አካል ናቸው የሚል ጭብጥ ያለው ሥራ ብልቶቹን ማብዛቱ ይገባል፤ ግን እያንዳንዱ ብልት ሥራ ሊኖረው ይገባል።

8. ማጠቃለያ

«ዴድውድ» ካለቀ ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ መደምደሚያ የሆነ ፊልም ተሠርቶለታል። «ጆን ፍሮም ሲንሲናቲ» ግን እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘም። በመሆኑም 10ሩ ክፍሎች ያልተጨረሰ ረቂቅ ተደርገው ሳይሆን እንዳሉ፣ እንደ ሙሉ ሥራ ሊመዘኑ ይገባል። ሲመዘኑም ውጤቱ ድብልቅ ነው። ታሪኩ በቤተሰቡ ዙሪያ ሲሆንና ቃል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ሥርዓት ያለው፣ የታሰበበት፣ ልብ የሚነካ ሥራ ነው። ከቤተሰቡ ወጥቶ ስለ ዓለሙ ፍጻሜ ሊናገር ሲነሣ ግን ከያዘው በላይ ቃል ይገባል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ብቻ የሚሆን አይደለም። ጀማሪ ደራሲ ምክንያትን መሰወር ጥልቀት የሚሰጥ ሊመስለው ይችላል። ምክንያትን መሰወር የሚፈቀደው ግን ውጤቱ በሰዎቹ ላይ ጎልቶ ሲታይ ነው፤ ሁለቱንም የሰወረ ደራሲ ለአንባቢው የሚይዘው አልተወለትም። ሐያሲም «አልገባኝም» ብሎ ከመደምደሙ በፊት ያልገባው ነገር የቱ እንደሆነ ለይቶ ሊናገር ይገባዋል። የዮስት ቤተሰብ ታሪክ የጠፋበት ተመልካች ጆን ከየት እንደመጣ መጠየቁን ለጊዜው አቆይቶ ቤተሰቡ እርስ በርሱ ምን እንደሚባባል ቢያዳምጥ ከጠበቀው በላይ ግልጽ የሆነ ታሪክ ያገኛል።